ካለ ይደረግለት

በርሊን፣ የካቲት 3 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለእትዬ ይታይሽ
ዳንግላ

እትዬ፣ ሰላምታዬ ከዚህ በረዶ መካከል ይድረስዎ። እዚህ ያለነው ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምጽፈውን ሲያነቡ ልብዎ እንዳይሸበር ነው።

ልጅዎ ቢያድግልኝ ከትምህርቱ ላይ ታሞ ሆስፒታል መግባቱን ራሱ ጽፎልዎታል። ወባ ነው ያለዎት ግን እርስዎን ላለማስደንገጥ ነው። ጉበቱ ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሳምንት ሳይሞላው ሰው መለየት አቃተው፤ እኔን አባዬ ብሎ ጠራኝ። የሐኪሞቹ አለቃ ወደ ጎን ወሰደኝና "ዘመዱ አንተ ነህ?" አለኝ። የአባቱ የአክስት ልጅ ነኝ ብዬ ዝምድና ልቆጥርለት አልኩና ተውኩት። እዚህ አገር ከእኔ የቀረበ ማን አለው? አዎ አልኩ። የራሱ ጉበት እንዳበቃለት፣ በአደጋ ከሞተ ሰው የተወሰደ ጉበት ካልገባለት እንደማይተርፍ ነገረኝ። እርስዎን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም። ፈረምኩ። ይቅር ይበሉኝ።

አሁን የሌላ ሰው ጉበት በሆዱ ይዞ ተኝቷል። ዓይኑ ነጥቷል። ነፍሱን ባወቀ ቀን አየኝና በአገውኛ "የታመምከው አንተ ነህ እንዴ? ፊትህ ምን ሆነ?" አለኝ። ነርሷ ለምን እንደምንስቅ አልገባትም።

ሐኪሞቹን የሚያሠጋቸው ስፌቱ ነው። አዲሱ ጉበት ከእሱ ደም ሥሮች ጋር በክር ተሰፍቷል፤ እዚያ ላይ ደም ረግቶ ሥሩን ከደፈነው ጉበቱ ይሞታል። ይህን የሚያዩበት መሣሪያ አልትራሳውንድ ይባላል፤ እኔ ከራጅ ጋር የምማረው ይህንኑ ነው። ሆድ አይከፈትም። ቅባት ይቀቡና ሳሙና የምታህል ነገር ያሳርፉበታል። እሷ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ውስጥ ትልካለች፤ ከሚሮጠው ደም ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን መሣሪያው ወደሚሰማ ድምፅ ይለውጠዋል። ልብ በመታ ቁጥር ሹ፣ ሹ ይላል። ደጅ ላይ ሰው የሚጠርግ ይመስላል። ድምፁ ካለ ደሙ ይሄዳል፤ ደሙ ከሄደ ጉበቱ ይኖራል።

ሐኪሞቹ ከቤተሰቡ በጉበት የታመመ ሰው ነበረ ወይ ይላሉ። የሚያውቁትን ይጻፉልኝ።

ክንዴ

ዳንግላ፣ መጋቢት 6 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወንድሜ ክንዴ

እንዴት ከረምክ? እኔ ለመቆም ያህል አለሁ። ሁለታችሁንም በአንድ ላይ ያኖራችሁ አምላክ ከዓይኑ አያርቃችሁ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። እንደምታውቀው እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ቢያድግልኝ አንደኛ ክፍል ሲማር እሱ ሲተኛ መጽሐፉን እየወሰድኩ ነው ፊደል የለየሁት። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ አንዱም ቃል አያልፈውም።

ፈረምኩ፣ ይቅር ይበሉኝ ትላለህ። እኔ አንተን ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። ባሌ እንየው በታመመ ጊዜ ዓይኑ በጭቶ ሆዱ ተነፍቶ ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጉበቱ ነው፣ ዛሬውኑ ባሕር ዳር ውሰጂው አለኝ። እኔ ድንቹ ይውጣና አልኩ። ድንቹ ወጣ። እንየው ባሕር ዳርን ሳያይ ቀረ። ለሐኪሞቹ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ አባቱም ጉበቱን ታሞ ነበር በላቸው። አንተ ድንች አልጠበቅህም። እጅህ ይባረክ።

ያ የሞተው ሰው ስሙ ማን ነው? ሻማ ላበራለት ፈልጌ የማን ነፍስ እንደምል አጣሁ። እናት አለችው?

ለጎረቤት ወባ ነው እያልኩ ነው። የክርስትና እናቱ ሽቱ ግን አልዋጥልሽ አላት። "ጀርመን አገር ምን ወባ አለ? ትንኟ ካፖርት ለብሳ ነው በበረዶ የምትሄደው?" አለችኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ጓዳ ገባሁ።

ሌላ የምለምንህ የለኝም። ያንን ድምፅ በየቀኑ አድምጥልኝ። አንተ ሰማሁት ካልከኝ እኔም እንደሰማሁ እቆጥረዋለሁ።

ይታይሽ

በርሊን፣ መጋቢት 30 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለእትዬ ይታይሽ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ደብዳቤዎን ለቢያድግልኝ አነበብኩለት። ድንቹ ጋ ስደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ቀጥል አለኝ።

የሟቹን ስም አይናገሩም፤ የአገሩ ሕግ ነው። ወጣት እንደሆነና ከሞተር ብስክሌት እንደወደቀ ብቻ ሰምቻለሁ። እናት ሳይኖረው አይቀርም።

ትናንት አስተማሪዬ አጠገቤ ቆማ መሣሪያውን ራሴ ያዝኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ አሰማሁት። አንገቱን ቀና አድርጎ አዳመጠ።

"ይሄ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?" አለኝ።

"ደሙ የአንተ፣ ጉበቱ የእሱ" አልኩት።

"ታዲያ የሚጠርገው ማነው?"

አስተማሪዬ ምን አለ አለችኝ፤ ተረጎምኩላት፤ እሷም ጎንበስ ብላ አዳመጠች።

ሐኪሞቹ ድምፁ ከበፊቱ ትንሽ ቀጠነ ብለው ደጋግመው ያዩታል። አያስቡ። በረዶው ቀልጧል፤ ከመስኮቱ ፊት ያለው ዛፍ አቆጥቁጧል። ምግባቸው አልጫ ነው፤ በርበሬ ቢከለክሉትም ሽታውን ብቻ ላሽትት ይላል። ቀኑ እየረዘመ ነው፤ ፀሐይ የምትጠልቀው እኛ አገር ሰው በሚተኛበት ሰዓት ነው።

ቢያድግልኝ እጁ ስለደከመ እኔ ጻፍኩለት፦ "እማዬ፣ ደህና ነኝ። አታልቅሺ።"

ክንዴ

ዳንግላ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወንድሜ ክንዴ

በዓሉ አለፈ። እናንተም ጾማችሁን በዚያው ባላችሁበት እንደፈታችሁ አስባለሁ።

ደብዳቤህ መጨረሻው ላይ ስለ በረዶና ስለ ዛፍ ብቻ ያወራል። በልጅነትህ ከአዘና እኛ ጋ ስትመጣ ገንቦ የሰበርክ ቀን ስለ ፈረስ ነበር ያወራኸኝ። ቀጠነ ማለት ምን ማለት ነው? ቦይ ሲቀጥን ከላይ አንድ ነገር ገብቶበታል ማለት ነው። እዚያ ምን ገባበት?

አታልቅሺ ያለኝ ደግሞ ለምንድን ነው? ደህና የሆነ ሰው እናቱን አታልቅሺ አይላትም።

በእጁ የጻፈውን ላክልኝ፤ አንድ ፊደል ብቻም ቢሆን። ዘንድሮ ከሰሜን በኩል መርዶ ያልገባበት ሰፈር የለም። ማለዳ የሰው ኮቴ ስንሰማ ሁላችንም ወደ ማን ቤት ነው እያልን ትንፋሽ እንይዛለን። እኔ ልጄ ጦር ሜዳ አይደለም እያልኩ እጽናና ነበር።

ይታይሽ

በርሊን፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአየነው
የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ ዳንግላ

አንድ ወንበር ላይ አብረን የተማርን ወንድሜ፣ እንደምን አለህ? ይህን በአንተ የፖስታ ሣጥን የላክሁት እትዬ ይታይሽ ብቻቸውን ሆነው እንዳያነቡት ፈርቼ ነው። ሽቱንና አንድ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይዘህ፣ ለገበያ ሳይወጡ ማልደህ ድረስባቸው። ቀስ ብለህ ንገራቸው።

የቢያድግልኝ ድምፁ ከሰኞ ጀምሮ ጠፍቷል። ሐኪሞቹ የቻሉትን ሁሉ አድርገዋል። አሁን የቀረው ሌላ ነገር ይደረግለት ወይስ እዚሁ ላይ ይረፍ የሚለው ነው። እሱ ያለ እናቴ ቃል አይሆንም ብሏል። እኔም በእሳቸው ፈንታ ሁለተኛ አልፈርምም። ቃላቸውን ተቀብለህ በቶሎ ላክልኝ።

ብዙ ቀን ስላልተኛሁ አጻጻፌን ይቅር በለኝ። አደራ፣ ብቻቸውን እንዳትተዋቸው።

ክንዴ

ቴሌግራም
ከዳንግላ፣ ግንቦት 27 ቀን 1981 ዓ.ም.

ካለ ይደረግለት። እናቱ ይታይሽ።

ቴሌግራም
ከበርሊን፣ ግንቦት 30 ቀን 1981 ዓ.ም.

አለ። ቃልዎን ሰምቷል። ሁለተኛ ጉበት እንጠብቃለን። ክንዴ።

ዳንግላ፣ ሰኔ 4 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወንድሜ ክንዴ

ሰላም ልበልህና ወደ ነገሬ ልግባ። ዛሬ የሰላምታ ወግ አልሆነልኝም።

ቴሌግራምህ ደርሷል። የቴሌው ሠራተኛ በፈረንጅ ፊደል የመጣውን በአማርኛ ገልብጦ ሰጠኝ። "አለ" የምትለዋን ሳይ "እናቴ፣ ይቀመጡ" አለኝ። ተቀምጬ ነበር።

አየነው ደብዳቤህን ይዞ የመጣው እንዳዘዝከው ነው። ማልዶ መጣ። ሽቱና ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላው ነበሩ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በሩን ስከፍት ማንም አልተናገረም። መናገርም አላስፈለጋቸውም። የእኔ ደብዳቤ በሌላ ሰው ስም መጥቶ፣ በማለዳ፣ ከሽማግሌ ጋር! ክንዴ፣ አንተ አዘና ተወልደህ ይህ እንዴት ጠፋህ? በእኛ አገር ለእናት የማይጻፈው ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው?

ሽቱ በአገውኛ ጮኸች፤ ሰፈሩ ወጣ። ድንኳን ተተከለ፤ ራሴን ላጩኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ ቢያድግልኝ ለዕውቀት ሲታገል የወደቀ የአብዮቱ ልጅ ነው ብሎ ተናገረ። ከሰሜን መርዶ የመጣባቸው እናቶች ሁሉ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እነሱ እንዴት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ። አንዷ እጄን ይዛ ዋለች።

ደብዳቤውን አሳዩኝ አላልኩም። እንዲህ የሚል ሰው የለም። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ የመጨረሻ ቃሉን ልወቅ ብዬ አየነውን ጠየቅሁት። አመጣልኝና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። "እትዬ፣ ይህን መልሱልኝ። እዚሁ ይረፍ ወይ ይላል። አስከሬኑን ነው። እኔ እጽፍለታለሁ" አለኝ።

አነበብኩት። ድምፁ ጠፍቷል ይላል እንጂ ሞቷል አይልም። ግን መርዶ የሚጽፍ ሰው መቼ ሞቷል ብሎ ይጽፋል? አንተ ደግሞ ከዚያ በፊት ድምፁ ስትለኝ የደም ሥሩን ነበር።

"አየነው፣ ይሄ የመሣሪያው ድምፅ ቢሆንስ?"

"የምን መሣሪያ?"

ለማንም አልነገርኩማ። ወባ እያልኩ ነበር። የነገርኩት ያን ዕለት ነው፤ ጉበቱንም፣ ሟቹንም፣ ሁሉንም። ሰማኝና ደብዳቤውን እንደገና አነበበ። "እንዲህም ይነበባል፤ እንዲያም ይነበባል። እትዬ፣ እኔ እምልበት ነገር የለኝም" አለ። ሽቱ "አንቺ ሴት፣ በቁምሽ ልትቃጠዪ ነው፤ ተይው" አለችኝ።

እኔም አላወቅሁም። ባነበብኩት ቁጥር ይለዋወጥብኛል። በአንዱ ንባብ ልጄ የሚፈልገው አፈር ነው፤ በሌላው ጉበት። ቴሌ ሄድኩ። ያን ሰሞን መስመር ተቋርጦ ነበር፤ ምክንያቱን በሬዲዮ ሰምተህ ይሆናል፤ እዚህ ላይ አልጽፈውም። እስኪከፈት ድረስ እየሄድኩ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። አላፊው ሁሉ ሻሼን እያየ እግዚአብሔር ያጥናሽ ይለኛል። አሜን እላለሁ። ሰውየው ካለፈ በኋላ አሜኔን መልስልኝ ብዬ እለምናለሁ።

መስመሩ ሲከፈት ልጄ አለ ወይስ የለም ብዬ ልጠይቅህ ነበር። አፌ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው የተውኩት። ጠይቄህ፣ መልስህ እስኪመጣ ጠብቄ፣ ከዚያ ቃሌን ልልክ? ድንቹ ይውጣ ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ ካለ ይደረግለት አልኩ። ሠራተኛው እንደገና በሉልኝ አለኝ። እንደገና አልኩለት። የእኔን ቃል እኔ በማላነበው ፊደል ጻፈው።

ያለ እናቴ ቃል አይሆንም ማለቱ ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ሌላ ሰው እንዲሞት መጠበቅ ከብዶት ነው። እኔም ሌላዋን እናት አስቤያታለሁ። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ስለነበር የትም ብትኖር አውቃታለሁ። ይደረግለት ስል በማለዳ በሯን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ይህን እያወቅሁ ነው ያልኩት። ለቢያድግልኝ ንገረው፤ ይህ በእኔ ላይ ነው፤ እሱ ይተኛ።

ሰፈሩ አሁን ግራ ተጋብቷል። እንኳን ደስ ያለሽ ይበል ወይስ ያጥናሽ፣ አያውቅም። ሽቱ ብቻ "ያለቀስነው በከንቱ አይቀርም፤ ይቀመጥለት። አርጅቶ ሲሞት ከዚያ ላይ ይቀነስለታል" አለች። አየነው ፊቴን ማየት አልቻለም፤ መንገድ ቀይሮ ነው የሚሄደው። አልቀየምኩትም። የሰማው እንደ አገሩ ነው።

አንተንም አልቀየምህም። ግን ከእንግዲህ ለማንም አትጻፍ። ደግም ይሁን ክፉ በእኔ ስም ጻፍ። መርዶም ቢሆን ለእኔ ይሁን። ብቻዬን አነበዋለሁ።

ይታይሽ

በርሊን፣ ሰኔ 29 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለእትዬ ይታይሽ

በምን አፌ ሰላም ልበልዎ? የተላጨው ራስዎ ዓይኔ ላይ ነው። ደብዳቤዎን ለቢያድግልኝ አላነበብኩለትም፤ ለእሱ ያሉትን ብቻ ነገርኩት።

በስምዎ እንድጽፍ ባዘዙኝ መሠረት ሳልሸፋፍን እጽፋለሁ። ወደ ጉበቱ የሚገባው ዋናው ደም ሥር ስፌቱ ላይ ተደፍኗል። መሣሪያውን ያሳረፍኩት እኔ ነበርኩ። ዝም አለ። ቦታውን የሳትኩ መስሎኝ ወዲህና ወዲያ ፈለግሁ። አስተማሪዬ ከእጄ ወስዳ ፈለገች። ሐኪሞቹ ሆዱን ከፍተው ሥሩን ለመጥረግ ሞክረው አልሆነም። ያን ሳምንት ነው ለአየነው የጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ ጉበቱ በጎን በሚመጡ ቀጫጭን ሥሮች እየተንጠባጠበለት ይኖራል፤ የሐሞቱ መስመር ግን መግል ይዟል። ትኩሳት አለው። ከስቷል። ሌላ ጉበት ካልተገኘለት ብዙ አይቆይም።

ቴሌግራምዎን ባሳየሁት ቀን ገልብጦ ገልብጦ አየው።

"ካለ? ካለ ብላ ነው የጻፈችው?"

"አዎ።"

"መልሱን ጻፍላት። አለሁ በላት።" ቆይቶ ደግሞ "ይደረግልኝ እንግዲህ። እሷን ማን ይከራከራል?" አለ። በእርስዎ ቃል ላይ ፈረመ። በእጁ የጻፈውን ብለውኝ ነበር፤ ፊርማውን ሌላ ወረቀት ላይ አስጽፌ ልልክልዎ

እትዬ፣ ይህን ስጽፍ ተጠራሁ። ጉበት ተገኝቷል። አሁን እየወሰዱት ነው። ደብዳቤውን ባለበት አሽጌ እጥለዋለሁ። የማውቀው እስከዚህ ድረስ ነው።

ክንዴ

ዳንግላ፣ ነሐሴ 7 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወንድሜ ክንዴ

ዝናቡ አላባራም። ጉበት ተገኝቷል ብለህ ያቋረጥከው ደብዳቤ ከደረሰኝ ወዲህ ለሰው ሰላምታ የምመልሰው እየዘገየሁ ነው። እናንተ ግን ሰላም ሁኑልኝ።

ዛሬ ሌላ ፖስታ መጣ። አየነው ያመጣው ነው። እጄ ላይ ማስቀመጥ ፈርቶ መደቡ ላይ አኖረውና ወጣ። ይህን የምጽፍልህ ፖስታው ሳይከፈት ከፊቴ ሆኖ ነው።

ላዩ ላይ የእኔ ስም አለ። በአንተ እጅ ተጽፏል። ቃልህን ጠብቀሃል። ዱሮ ስሜ ፖስታው ላይ ካለ ልጄ ደህና ነው ማለት ነበር፤ ሳልከፍተው ዕረፍት ይሰጠኝ ነበር። ያንን ያስቀረሁት እኔው ነኝ። አሁን በስሜ የሚመጣው ሁሉም ነገር ሆኗል። ጠይቄህ ስለሆነ ማንንም አልወቅስም። ግን እንዲህ እንደሚከብድ አላወቅሁም ነበር። ወረቀቱ ቀላል ነው፤ አንድ ቅጠል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለደግ ወሬ አንድ ቅጠል ይበቃል። ለክፉም ይበቃል።

ከፈትኩት።

"ዛሬ ጠዋት ድምፁ አለ" ትላለህ። ራስህ እንደሰማኸው፣ አስተማሪህም እንደሰማች ጽፈሃል። ቀጥለህ ደግሞ ትኩሳቱ አልወረደም፣ ደሙም በስፌቱ በኩል ሲያልፍ ገና ይጠብበታል፣ ነገ እንደገና እናየዋለን ብለሃል። አልሸፋፈንክም። ስለ ዛፍ አልጻፍክም።

የጻፍክበትን ቀን አየሁ። ያልከው ነገ እዚህ ካለፈ ቆይቷል። ያን ቀን እኔ ምን ሳደርግ እንደዋልኩ አስቤ አጣሁት። ምናልባት ነጭ ሽንኩርት ስነቅል ውዬ ይሆናል።

አየነው አልሄደም ነበር። ከጣራው ጫፍ ሥር ዝናቡን ተጠልሎ ቆሞ ኖሯል። በበሩ በኩል "እትዬ፣ ምን ይላል?" አለኝ።

"አለ ይላል" አልኩት።

ቀስ ብሎ "መቼ?" አለኝ።

የነገውን ጻፍልኝ።

ይታይሽ